ከፊልሙ ጩኸት በዓሉ ግርማ ይሻለኛል

ክረምት ገባ። አሜሪካኖቹ ይሄን ወቅት በጋ ነው የሚሉት፤ ትልልቅና ጯሂ ፊልሞቻቸውን የሚያወጡትም አሁን ነው። እኛ ጋ ዝናቡ ጣሪያውን ሲቀጠቅጥ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም ወይ ጉርድ ሾላ ሲኒማ ገብተን ሕንፃ ሲደረመስ፣ መኪና ሲገለበጥ፣ ዓለም ለአስራ ምናምነኛ ጊዜ ልትጠፋ ስትል እናያለን። ፈንዲሻው ጥሩ ነው። ስወጣ ግን ጆሮዬ ይጮኻል እንጂ ፊልሙ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱም ትዝ አይለኝም።

የኔ ምርጫ ሌላ ነው። ወንጀል ያለበት፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ማን ለማን እንደሚሠራ እስክታውቁ ጥፍር የሚያስነክስ ታሪክ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ ነገሩን በዚያው ዓይን ነው የማየው። ጩኸት በገንዘብ ይገዛል፤ በጀት ካለ ፍንዳታ አለ። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ግን የሚሠራው ከመረጃ ነው፤ አንዱ ያወቀውን ሌላው ካለማወቁ። «ዘ ዋየር»ን ያያችሁ ይገባችኋል። የባልቲሞርን ፖሊሶችና ዕፅ ነጋዴዎች በአምስት ሲዝን ያሳየን ድራማ ነው፤ ፈጣሪው ዴቪድ ሳይመን ድራማ ከመሥራቱ በፊት የወንጀል ዘጋቢ ጋዜጠኛ ነበር። ሰፈሩን ስለሚያውቀው ማፈንዳት አላስፈለገውም።

እኛም ከእሱ በፊት እንዲህ ያለ ጋዜጠኛ ነበረን። በዓሉ ግርማ።

በዓሉ 1931 ዓ.ም. ገደማ ኢሉባቦር ተወለደ። አባቱ ህንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። በልጅነቱ አዲስ አበባ መጥቶ ጄኔራል ዊንጌት ተማረ፤ ቀጥሎ የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ አሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ። ሲመለስ ዕድሜውን በዝግጅት ክፍሎች ውስጥ አሳለፈ፤ መነን፣ አዲስ ሪፖርተር፣ አዲስ ዘመን፣ ኢትዮጵያን ሄራልድ። በደርግ ጊዜ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከመሆን ደረሰ። ማለትም ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑና ጋዜጣው ምን ማለት እንዳለበትና ምን ማለት እንደሌለበት ጠንቅቀው ከሚያውቁት ባለሥልጣናት አንዱ ነበር። ይህቺን ያዙልኝ።

ልብ ወለዶቹን የጻፈው ከዚህ ሥራ ጎን ለጎን ነው። በ1962 የወጣው «ከአድማስ ባሻገር» ጥሩ የመንግሥት ሥራ ያለው፣ ልቡ ግን ሥዕል ላይ የቀረ ሰው ታሪክ ነው (ዲግሪ ይዞ ሌላ ነገር የሚያልም ሁሉ ያንብበው፤ እኔን ጨምሮ)። «ደራሲው» ላይ ያለውን ሲራክን ደግሞ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን አይቶ ነው የቀረፀው ይባላል። ከሚያውቃቸው ሰዎች ገፀ ባሕርይ የማውጣት ልማዱ ኋላ ላይ ጣጣ ያመጣበታል።

በ1974 ደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ከፈተ። የመንግሥቱ ዋና ዋና ሰዎች አስመራ ከተቱ፤ በዓሉም ለፕሮፓጋንዳው ሥራ አብሮ ሄደ። ዕቅዱ ሻዕቢያን ከናቅፋ ነቅሎ ጦርነቱን መጨረስ ነበር። ናቅፋ ግን አልተያዘችም።

በዓሉ ከዚያ ይዞ የተመለሰው «ኦሮማይ»ን ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ የገባ ነው፤ በቃ፣ አበቃ እንደማለት። ፀጋዬ ኃይለማርያም የተባለ ጋዜጠኛ ሮማን የምትባል እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ ለዘመቻው አስመራ ይሄዳል፤ እዚያ ፊያሜታ ጊላይን ይወዳል። ከፍቅሩ ሥር የመንግሥት ደህንነትና የሻዕቢያ ሰላዮች ድብብቆሽ ይጫወታሉ። ቡና ቤት ውስጥ ፈገግ ያለላችሁ ሰው የማን እንደሆነ አታውቁም። ፀጋዬም አያውቅም፤ ማወቅ ያለባቸው አለቆቹም ቢሆኑ ሁሉን አያውቁም። ጥርጣሬው ከገጽ ገጽ እየከበደ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ሲመጣ ፍንዳታውም ይመጣል፤ ግን ያኔ የሚሞቱትን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ልዩነቱ እሱ ነው እኮ።

መጽሐፉ በ1975 ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ታገደ። ስማቸው ተቀይሮ የገቡትን ባለሥልጣናት አንባቢ ወዲያው ለይቷቸዋል፤ በድል ዜና የተጀመረው ዘመቻ እንዴት እንደከሸፈም ተጽፏል። እገዳ ደግሞ አቅርቦቱን እንጂ ፍላጎቱን አይቀንስም፤ መጽሐፉ በድብቅ እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ።

ብዙዎች የዋህ ነበር ይላሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ለዚያ መንግሥት ዓመታት አገልግሏል፣ የፕሮፓጋንዳውን ቋንቋ ጽፏል፤ ቅዱስ ላድርገው ብል ውሸት ይሆንብኛል። የሳንሱርን ቤት ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ግን ምን እንደሚከተለው ሳያሰላ አይጽፍም። አስልቶ ነው የጻፈው። ሒሳቡ ለምን እንደዚያ እንደወጣለት ነው የማይገባኝ፤ ባለቤትና ልጆች ነበሩት፣ ወንበር ነበረው። ዝም ቢል የሚጠይቀው አልነበረም።

የካቲት 6 ቀን 1976 ምሽት መኪናውን ይዞ ከቤቱ ወጣ። አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ ብቻዋን ቆማ ተገኘች። ቤተሰቡ ጠበቀ፤ ደርግ በ1983 ወደቀ፤ ብዙ ወሬ ተወራ። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም። የምርመራ ታሪክ ስንወድ መጨረሻው ላይ ገዳዩ እንደሚያዝ ለምደናል፤ የደራሲው የራሱ ታሪክ ግን ያ ምዕራፍ የለውም።

በ2017 «ኦሮማይ» ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ የውጭ አንባቢዎችም እንደ ስለላ ልብ ወለድ እያነበቡት ነው። የአማርኛውን ግን እኔ መገናኛ ታክሲ ተራ አጠገብ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ ነው የገዛሁት። ከሲኒማ ትኬትና ፈንዲሻ ብዙም አይርቅም፤ ትንሽ ተከራከሩት፣ ይቀንሳል።