ሁለት ፊደል፥ አንድ ድምፅ
(የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሕይወት)

ዕጩ መምህራን ጓደኞቼ! በማስተማር ልምምድ ጊዜ አንድ ጉድ ሠርቼ ነበር። ሰሌዳ ላይ፥ ሕዝባችን ከድኅነት ይላቀቅ ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹም ገለበጡት። ከኋላ ተቀምጠው ይከታተሉኝ የነበሩት መምህር ግን ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ለካ በብዙኃኑ ኀ ሲጻፍ መዳን ማለት ነው፤ ማጣት የሆነው ድህነት በሃሌታው ሀ ነው። መዳን ይቅርብን ብዬ አርፌዋለሁ! ከዚያ ወዲህ ነው የአለቃ ኪዳነ ወልድን ታሪክ ማጠያየቅ የጀመርኩት።

አለቃ የሸዋ ሰው ናቸው። የቤተ ክህነቱን ትምህርት ከተማሩ በኋላ ኢየሩሳሌም ወርደው ብዙ ዘመን ተቀመጡ። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀምረው ነበር፤ ሳይፈጽሙት ሞት ቀደማቸውና ሥራው በተማሪያቸው ትከሻ ላይ ወደቀ። ኪዳነ ወልድ ቀሪ ዕድሜያቸውን ለዚሁ ሰጡ።

እንግዲህ ሥራው ምን ነበር? ግእዝ ውስጥ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣ፥ ብርሃን ታየ ማለት ነው፤ ሰረቀ በእሳቱ ሰ ግን ሌብነት ነው። ሠዐለ ሥዕል ሣለ፥ ሰአለ ደግሞ ለመነ ነው። እኛን መምህራንን የሚመለከተውማ የባሰ ነው፤ መሀረ አስተማረ፥ መሐረ ይቅር አለ! በአፍ ሲነገሩ ልዩነት የላቸውም። አለቃ ግን ፊደሉ በከንቱ አልተደረበም ብለው ያምኑ ነበር። ዕብራይስጥ፥ ሱርስትና ዐረብኛ ስላጠኑ ቃሉን ከነዘመዶቹ እያስተያዩ፥ በየትኛው ፊደል መጻፍ እንዳለበት ከሥሩ ይፈልጉ ነበር። ፊደሉንም ከሀለሐመ ይልቅ በአበገደ ተራ ነው ያስኬዱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ልጅ ሆኜ አንገቱ ቁርአን ቀርቻለሁ። ሀን ከሐ፥ ሐን ከኸ፥ አን ከዐ ካልለየን ኡስታዙ አያልፉንም ነበር። አማርኛ ትምህርት ቤት ስገባ እነዚያው ድምፆች በፊደል ሦስትና ሁለት ሆነው፥ በአፍ አንድ ሆነው ጠበቁኝ። ያኔ ጥፋቱ የኔ ጆሮ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ትግርኛም እኮ ሐንና ዐን ዛሬም ይለያል።

እንግሊዝኛውም ከዚህ አያመልጥም። ናይት ሌሊት ነው፥ ናይት ፈረሰኛ ጦረኛም ነው። የኋለኛው ከፊቱ ኬ ፊደል አለበት፤ ያቺ ኬ ጥንት ትነበብ ነበር፥ አፍ ሲተዋት ብዕር ይዟት ቀረ። ተማሪዎቻችን ለምን ብለው ሲጠይቁን ዝም ብላችሁ ሸምድዱ ከማለት ይህን መንገር አይሻልም ትላላችሁ?

ወደ አለቃ ልመለስ። ከኢየሩሳሌም ተመልሰው ድሬዳዋ ሆነው ሲሠሩ ደስታ ተክለ ወልድ የሚባሉ ተማሪና ረዳት ነበሯቸው። አለቃም እንደ መምህራቸው መጽሐፉን ታትሞ ሳያዩት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥራው ለሁለተኛ ጊዜ በተማሪ ትከሻ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ሞኝ ድካም ነው የሚል አይጠፋም። አማርኛ አንድ ድምፅ ላለው አንድ ፊደል ይበቃዋል፥ ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚል ክርክር ከድሮ ጀምሮ አለ፤ እኔም ለሦስተኛ ክፍል ልጅ በሠና በሰ ምክንያት ነጥብ መቀነስ ጭካኔ ይመስለኛል። አስተማሪው ግን ሳያውቅ ሲቀር እንደኔ ሰሌዳ ላይ ይዋረዳል።

ደስታ ተክለ ወልድ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቆይተው፥ በ1948 ዓ.ም. ያንን ወደ 900 ገጽ የሚሆን መጽሐፍ በመምህራቸው ስም አዲስ አበባ አሳተሙት። የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያወጡት ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው። ርእሱ ዐዲስ ብሎ ይጀምራል፤ በዐይኑ ዐ።