ተስፋዬ ሳህሉ

ተስፋዬ ሳህሉ (1915 – ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የመድረክ ተዋናይና የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት አቅራቢ ነበሩ። ሕዝብ ይበልጥ የሚያውቃቸው አባባ ተስፋዬ በሚለው ስም ነው።

የተወለዱት በባሌ ሲሆን በልጅነታቸው ያለ ወላጅ ቀርተው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በማዘጋጃ ቤት የቴአትር ክፍል ገብተው ትወና ጀመሩ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር የእናትን፣ የሚስትንና የእጮኛን ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ተስፋዬም ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርያትን በመጫወት ታወቁ። ኋላ እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ሴቶች ወደ ሙያው ሲገቡ ይህ ልማድ ቀረ። ሽማግሌውን አባባ ተስፋዬን ብቻ ለሚያውቅ ትውልድ ይህን ማመን ሳይከብድ አይቀርም።

በኮሪያ ጦርነት ጊዜ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችን ለማዝናናት ወደ ኮሪያ ሄደዋል። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) ለረጅም ጊዜ የሠሩ ሲሆን፣ ከተሳተፉባቸው ተውኔቶች መካከል «ኦቴሎ» እና «ሀሁ በስድስት ወር» ይገኛሉ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ክፍለ ጊዜ ያዙ። ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበር፤ የሌላቸው ልጆች ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ያዩ ነበር። ጣቢያውም ለብዙ ዓመታት አንድ ብቻ በመሆኑ የከተማ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ተረት ነጋሪ ነበር ማለት ይቻላል። አባባ ተስፋዬ ዝግጅቱን የሚከፍቱት ልጆቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሰላምታ እንዲሰጡ በማድረግ ነው። ከዚያ ተረት ይነግራሉ፤ አንበሳው፣ ጦጣዋ፣ ጅቡ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ አላቸው። መድረክ ላይ ድምፅ መለዋወጥ የለመደ ተዋናይ መሆናቸው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዴ የምትሃት ጨዋታ ያሳያሉ፤ ስቱዲዮ የመጡ ልጆችም በተራቸው ተረት ያወራሉ። የልጆች የተረት መጻሕፍትም አሳትመዋል።

ይህን ዝግጅት ለ42 ዓመታት አቅርበው በ1998 ዓ.ም. ከጣቢያው ተለዩ። በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ሥርዓተ ቀብራቸው በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጽሟል።