ምልክትን በምልክት የተዋጉት ንጉሥ

ስልካችሁን ስትነካኩ ሲጂል የሚባል ነገር ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። አሠራሩን በአጭር ቪዲዮ ያስተምሯችኋል። የምትመኙትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፋላችሁ፤ የተደጋገሙትን ፊደላት ትሰርዛላችሁ፤ የቀሩትን እርስ በርስ አጣብቃችሁ አንድ ምልክት ትሠራላችሁ። ምልክቱ ላይ በሙሉ ልባችሁ ታተኩራላችሁ፣ ከዚያ ትረሱታላችሁ። ምኞቱ በውስጣችሁ ሆኖ ሥራውን ይሠራል ነው የሚሉት።

ዘዴውን ያወጣው ኦስቲን ኦስማን ስፔር የሚባል የለንደን ሠዓሊ ነው። በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የተነሱ አዲስ አስማተኞች ተቀብለው አሰራጩት። ዛሬ ደግሞ አሰላ የተቀመጠ ልጅ በሞባይል ዳታ ይማረዋል።

ሲጂል ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ ማኅተም ማለት ነው። ግን ቆይ፣ ኃይል አለው የሚባል ምልክት ለኛ አዲስ ነው እንዴ? አይደለም። ደብተራው ብራና ላይ የሚጽፈው ክታብ አለ። ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጃል፣ የክርስትና ስሙ ይገባበታል፣ በጸሎቱና በአስማቱ መሃል ዐይኑን ያፈጠጠ ጠልሰም ይሣልበታል። ከዚያ ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ ሂርዝ አለ። አርሲ ውስጥ አያቶቻችሁን ብትጠይቁ ስለ አንዱ ወይ ስለ ሌላው የሚነግሯችሁ አያጡም።

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ንጉሥ ነው። ከሞቱ ከ550 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አስማትን እንደሳቸው አጥብቆ የተዋጋ የኢትዮጵያ ንጉሥ ማግኘት ይከብዳል። የተዋጉበት መሣሪያ ደግሞ ራሱ ምልክት ነበር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ይባላሉ። ሐተታ የሚባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ላይ ስሙ የተጻፈው ዘርዓ ያዕቆብ ሌላ ነው፤ አታምታቱ። ዓመታቱን የምንጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ከፈጠጋር እስከ ግሸን

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተወለዱት በ1399 ጥልቅ በሚባል ቦታ፣ ፈጠጋር በተባለው አውራጃ ነው። ፈጠጋር ለኛ ሩቅ አይደለም። ከአሰላ ቁልቁል ወርዳችሁ አዳማን ካለፋችሁ በኋላ የምታገኙት የምንጃር አካባቢ የጥንቱ ፈጠጋር አካል ነበር። አባታቸው አፄ ዳዊት ናቸው፣ እናታቸው ደግሞ እግዚእ ክብራ።

በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጅ ሆኖ መወለድ እንደ ዕድል ብቻ የሚታይ ነገር አልነበረም። ዙፋን ይቀማሉ ተብለው የሚፈሩ ወንዶች አምባ ግሸን ላይ ይዘጋባቸው ነበር። ግሸን ወሎ ውስጥ ያለ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ነው። ዘርዓ ያዕቆብም እዚያ ዓመታት አሳለፉ። ከታች ቤተ መንግሥት ውስጥ ግን ነገሩ ተተራምሷል። አፄ ይስሐቅ ከሞቱ በኋላ አምስት ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ አራት ነገሥታት ተፈራረቁ። በ1434 ተራው የሳቸው ሆነ፤ ከአምባው አውርደው አነገሧቸው። ዕድሜያቸው 35 ገደማ ነበር።

እስቲ አስቡት። አብዛኛውን ወጣትነታችሁን ዘመድ ዘመዱን በሚጠረጥርበት ቤት ኖራችሁ፣ አንድ ቀን መጥተው ንጉሥ ነህ ይሏችኋል። ይህን ያዙልን፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ትልቁ ሥራቸው

በ1436 አክሱም ሄደው በጥንቱ ሥርዓት ዘውድ ጫኑ። በጠቅላላው ለ34 ዓመት የዘለቀው ንግሥናቸው በኢትዮጵያ ታሪክ ከትልልቆቹ አንዱ ሆነ። በቅዳሜና በእሁድ ሰንበት ጉዳይ ለረጅም ጊዜ የተከፋፈለችውን ቤተ ክርስቲያን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አስታረቁ። ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ተባለ። የእመቤታችን በዓላት በመላ አገሪቱ እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያም እንዲነበብ አዘዙ። በስማቸው የሚታወቁ መጻሕፍትም አሉ፤ መጽሐፈ ብርሃን፣ ጦማረ ትስብእት፣ መጽሐፈ ሚላድ። ብዕር የያዘ ንጉሥ ነው የምንላችሁ።

ወደኛ አገርም መጥተዋል። በታኅሣሥ 1445 የአዳሉ ሱልጣን በድላይ ጦር ይዞ ሲነሳ ንጉሡ ጎሚት በሚባል ቦታ ገጠሙት። ቦታው ደዋሮ ውስጥ ነው። ደዋሮን የታሪክ ሰዎች በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ መሃል ያስቀምጡታል፤ የአርባ ጉጉን ተራሮችና የሐረርጌን ክፍል ይጨምራል። በድላይ እዚያው ሞተ። ከንጉሡ ሚስቶች አንዷ፣ በኋላ ለረጅም ዘመን በቤተ መንግሥት ትልቅ ቦታ የነበራቸው እቴጌ እሌኒ፣ የሐድያ ገዢ ልጅ ነበሩ። የዛሬው አርሲና አካባቢው በሳቸው ዘመን የአገሪቱ ፖለቲካ መሃል ላይ ነበር ማለት ነው።

ግንባር ላይ የተጻፈው ምልክት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ንጉሡ በጣም የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ነበር፤ ሕዝቡ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ሰኞ ጠንቋይ ቤት ይሄዳል። ደስክ እና ዲኖ ለሚባሉ መናፍስት የሚሠዋ ሰው እንዳለ ይሰማሉ። ሟርተኛውን፣ አስማተኛውን፣ ጣዖት አምላኪውን በመጻሕፍታቸው አጥብቀው አወገዙ። ካህናት በየሰንበቱ ሕዝቡን እንዲያስተምሩ ግዴታ ጣሉባቸው።

በዚህ አላበቁም። ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው ሁሉም ሰው ግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም እንዲጽፍ አዘዙ። በቀኝ እጁ ሰይጣንን በክርስቶስ መካዱን፣ በግራ እጁ ደግሞ ደስክን መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይያዝ ተባለ። መስቀል ልብስ ላይ፣ የጦር መሣሪያ ላይ፣ ሞፈር ላይ ሳይቀር እንዲደረግ ታዘዘ። እምቢ ያለ ይቀጣል፤ ንብረቱም ይወረሳል።

ምን እንደሆነ ተመልከቱ። ደብተራው ክታብ የሚጽፈው ፊደልና ስም ሰውነት ላይ ሲሆን ክፉን ያርቃል ብሎ ነው። ንጉሡም ፊደልና ስም ሰውነት ላይ አደረጉ፤ ክፉን እንዲያርቅ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ክታቡን የታመመ ሰው ራሱ ፈልጎ፣ ከፍሎ ያስጽፈዋል፤ በቆዳ ተሸፍኖም ይያዛል። የስፔር ምልክት ደግሞ ጭራሽ የባለቤቱ ምስጢር ነው፤ ሌላው ሰው ቢያየውም አይገባውም። የንጉሡ ምልክት ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ሁሉም እንዲያነበው ግንባር ላይ ነው፣ ግዴታም ነው። ምልክቱ መጠበቂያ ብቻ አልነበረም። መታወቂያም ነበር። ማን ከኛ ጋር እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ ይለይበታል።

ደብረ ብርሃን

ንጉሡ ራሳቸውም ከፍርሃቱ አላመለጡም። በ1450ዎቹ የእስጢፋኖስ ተከታዮች የሚባሉት መነኮሳት ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ብለዋል ተብለው ተከሰሱና በድንጋይ ተወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ እግዚአብሔር ፍርዱን እንደወደደው ምልክት አድርገው ወሰዱት። ብርሃኑ በታየበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ስሙን ደብረ ብርሃን አሉት። ዛሬ የምናውቃት የደብረ ብርሃን ከተማ አመጣጥ ይህ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ብርሃኑ በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው ይላሉ።

ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያ አደረጉ። ዜና መዋዕሉ ስለዚያ ግቢ የሚነግረን ነገር ይገርማል። ካህናት ሌሊትና ቀን መዝሙረ ዳዊት ይደግማሉ፣ ግቢው ውስጥ ያለማቋረጥ ጸበል ይረጫል። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? አስማተኞች ድግምት እንዳያደርሱባቸው ነው። ሱልጣን በድላይን በጦር ሜዳ የገጠሙ ሰው በማያዩት ነገር ተከበው ይኖሩ ነበር።

የገዛ ልጆቻቸው

እዚህ ላይ ታሪኩ ይከብዳል።

ንጉሡ መኳንንቱን ስለማያምኑ ሴት ልጆቻቸውን በየአውራጃው ሾመው ነበር። ልጄ አትከዳኝም ብለው ይመስላል። በኋላ ግን ከሳሾች መጡ። የንጉሡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ደስክንና ዲኖን ያመልካሉ አሉ። ንጉሡ አመኑ። ልጆቹ ተገረፉ። ከግርፋቱ የተነሳ የሞቱ አሉ። ዜና መዋዕሉ ስማቸውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ንጉሡ ሕዝቡን ሰብስበው ያደረጉትን ሲያስረዱ፣ ቁስሉም ሲታይ፣ ሕዝቡ እንዳለቀሰ ይጽፋል።

ያው ዜና መዋዕል ከሳሾቹን ሰይጣን ልባቸው የገባ ሐሰተኞች ይላቸዋል። ለንጉሡ ክብር ተብሎ የተጻፈ መጽሐፍ ነው ይህን የሚለው። ከሳሾቹም ቆይተው ራሳቸው ወደቁ። ልጆቹን ግን ማን ይመልሳል?

በዚህም አላበቃ። ከሚስቶቻቸው አንዷ ጽዮን ሞገሳ ልጇን በኣደ ማርያምን ልታነግሥ አሲራለች ተብላ ተከሰሰች። ተገርፋ ሞተች። ልጁ ለእናቱ ተዝካር አደረገ ተብሎ እሱም ንጉሡ ፊት ቆሞ ተመረመረ። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አማልደው ነው ከአባቱ ያስታረቁት።

ግሸንን አስታወሳችሁ? ዘመድ ዘመዱን የሚጠረጥርበት ቤት። ንጉሡ ከአምባው ወረዱ እንጂ ጥርጣሬው አብሯቸው ወርዷል።

መጨረሻው

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ1468 ደብረ ብርሃን ላይ አረፉ። ዙፋኑን የያዘው ያው በኣደ ማርያም ነው። አስከሬናቸው በኋላ ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለው ዳጋ እስጢፋኖስ ተወስዶ ዛሬም እዚያ ይገኛል። ያቋቋሟቸው በዓላትና ያስነበቡት ተአምረ ማርያም እስካሁን አሉ። ከሥራቸው የቀረው ብዙ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም።

አስማተኛውስ ጠፋ? አልጠፋም። ዛሬ በየሙዚየሙና በየቤቱ የምናያቸው ክታቦች አብዛኛዎቹ ከሳቸው ዘመን በኋላ የተጻፉ ናቸው። እንደውም ብዙዎቹ የሚጀምሩት ንጉሡ ግንባር ላይ ባስጻፉት በዚያው በሥላሴ ስም ነው። ደብተራው ብራናውንና ቀለሙን ይዞ ቀጠለ።

እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር ገረመን። ዜና መዋዕሉ ውስጥ አንድ አስማተኛ በምልክት ወይ በድግምት ሰው ሲገድል የሚታይበት ቦታ ፈልገን አላገኘንም። የሞቱት ሰዎች የሞቱት አስማተኛ ናቸው በሚል ክስ ነው። የገደለው ፍርሃቱና ወሬው ነው።

ይህ ነገር የድሮ ብቻ አይደለም። እገሌ ቡዳ ነው፣ እገሊት መተት አሠርታለች የሚል ወሬ ዛሬም በየሰፈሩ አለ። አንድ ልጅ ደብተሩ ጥግ ላይ ሲጂል ሲሥል ቢታይ ነገ ምን እንደሚባል ማሰብ ከባድ አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ክስ ንጉሡ ጆሮ ለመድረስ በፈረስ መሄድ ነበረበት። አሁን አንድ ስክሪንሾት ይበቃዋል።

ሲጂል ሥሩ ወይም አትሥሩ አንላችሁም፤ እሱ የናንተና የእምነታችሁ ጉዳይ ነው። የስፔርን ምልክት የሚሞክር ሰው ግን አያቱ ሳጥን ውስጥ ያለውን ክታብ አንድ ቀን ጠይቆ ቢያይ ብዙ ይማራል። ሌላም አለ፤ አስማተኛ ተብሎ ስሙ የተለጠፈ ሰው ስታዩ፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት የነዚያን ልጆች ነገር አስቡ። ንጉሡ ማስረጃ ከመጠየቃቸው በፊት አመኑ።

ቤታችሁ ክታብ ወይ ሂርዝ አለ? አያቶቻችሁ ስለሱ ምን ነገሯችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ እናነባለን።