በዋሽንግተን አፍ የቀረችው አንዲት ጥርስ

ጆርጅ ዋሽንግተንን የአንድ ዶላር ኖት ላይ ስታዩት ከንፈሩን ግጥም አድርጓል አይደል? ጥርሱ ብዙ አሰቃይቶታል።

በ1732 (እ.ኤ.አ.) ተወልዶ ገና በ24 ዓመቱ ጥርስ ማስነቀል ጀመረ። በ1789 የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ሆኖ ሲምል የቀረችው አንዲት ጥርስ ብቻ ነበረች። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ከእንጨት ነበር የሚባለው ተረት ነው፤ የተሠራው ከጉማሬና ከሰው ጥርስ፣ ከእርሳስና ከሞላ ነው። ድዱን ያሳምመዋል፣ ከንፈሩን ይገፋዋል። በባርነት ከተያዙ ሰዎች ለተወሰዱ ዘጠኝ ጥርሶች በ1784 ገንዘብ መከፈሉም በሂሳብ መዝገቡ ሰፍሯል።

የጥርስ ሐኪሙ ጆን ግሪንዉድ ግን ያቺን አንዲት ጥርስ አልነቀላትም፤ ሰው ሠራሹን በስቶ እሷ ላይ ሰካው። እስከ 1796 ቆየች። ዋሽንግተን በ1799 አረፈ።

ይህን ያነሳሁት ሮቢት ያሉት አጎቴ የቀሩትን አራት ጥርሶች አስነቅለው ሙሉ ተነቃይ ሊያስገቡ ስላሰቡ ነው። ተነቃዩ ዋጋው ቀለል ይላል፤ ብሪጅ የጎረቤት ጥርስ ያስሞርዳል፤ አጥንት ላይ የሚተከለው ይጠነክራል፣ ግን ውድ ነው። እናንተም ዘመድ ሲያማክራችሁ መጀመሪያ የቀሩት ይመርመሩ በሉ። ጤነኛ ጥርስ ተነቃዩን ደግፎ ይይዛል፤ አንዴ ከተነቀለ ግን አይመለስም።