ጄምስ ብሩስ፦ ሊማሊሞን ወጥቶ የፈንጣጣ ሕሙማንን ያስታመመው መንገደኛ

ጄምስ ብሩስ በ1730 በስኮትላንድ ተወለደ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአገራችን የሚታወቀው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በመጣ ተጓዥነቱ ነው። በሙያው ሐኪም አልነበረም፤ በአልጀርስ ቆንስል ሆኖ ሲሠራ፣ በኋላም በሶርያ ሐላብ ሲቆይ ከሐኪሞች ጥቂት የሕክምና ዕውቀት ቀስሟል።

ከምጽዋ ተነስቶ በአድዋ በኩል አለፈ። በየካቲት 1770 የሊማሊሞን አቀበት ወጣ፤ ደባርቅን አልፎም ጎንደር ገባ። በዚያን ጊዜ በቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት፣ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ከታመሙት መካከል የእቴጌይቱ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ይገኝበታል።

ብሩስ ሕሙማኑን ሲያገኛቸው ታፍነው ተኝተው ነበር። በርና መስኮቱን አስከፈተ፤ ክፍሉን በለብ ባለ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ፤ ዕጣንና ከርቤ አስጨሰ። ክንፉ ዳነ፤ የሞቱም ነበሩ። ብሩስ በዚህ አገልግሎቱ የእቴጌይቱንና የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አተረፈ። በዚያው ዓመት ግሽ ዓባይ ደረሰ። የጉዞ መጽሐፉን በ1790 አሳትሞ በ1794 ከደረጃ ወድቆ ሞተ።

ንጹህ አየርና ጥሩ እንክብካቤ ታማሚውን ያግዛሉ፤ የፈንጣጣን ቫይረስ ግን አይገድሉም። በሽታው ከያዛቸው ሦስት ሰዎች አንዱን ገደማ ይገድል ነበር። ብሩስ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1796፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር የፈንጣጣን ክትባት ሞከረ። በኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻው በ1971 ተጀመረ፤ ክትባት ሰጪዎች መኪና በማይደርስበት ተራራ ሁሉ በእግርና በበቅሎ ተጓዙ። የመጨረሻው ታማሚ በ1976 በባሌ ተገኘ። በ1980 ዓለም ከፈንጣጣ ነጻ መሆኗ ታወጀ።

ለወላጆች

ዛሬ በልጆቻችን ላይ የሚያሰጋው ኩፍኝ ነው። እሱም ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው።

- ልጅዎን በ9 ወሩና በ15 ወሩ ያስከትቡ። ክትባቱ በመንግሥት ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል።
- ቀኑ ካለፈ አይተዉት፤ የክትባት ካርዱን ይዘው ይሂዱ።
- ልጁ ትኩሳትና ሽፍታ ከታየበት ከሌሎች ልጆች ለይተው ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ ቫይታሚን ኤ ሊሰጠው ይገባል።
- መተንፈስ ከተቸገረ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ሳያድሩ ይውሰዱት።