ጌኦርግ ካንቶር፤ ማለቂያ የሌለውን የቈጠረ ሰው

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቦንጋ በሄድሁ ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጆች ሒሳብ እንዳስጠና ተጠየቅሁ። የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ከሒሳብ ጋር ምን አገናኘው ብላችሁ እንደምትስቁብኝ ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን በበጎ ፈቃድ ሥራ የተሰለፈ ሰው የተሰጠውን ይሠራል እንጂ አይመርጥም። የደረሰኝ ምዕራፍ ስለ ስብስብ ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነውና ቃሉን እንዳለ ሴት ብዬ ስጠራው ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ባዶ ሴት የሚባል ነገርም እንዳለ ስነግራቸው ከኋላ የተቀመጡት ወንዶች ልጆች ዴስኩን እስከ መደብደብ ደረሱ። ልጃገረዶቹ ግን አልሳቁም።

ሳቁ ጋብ ሲል አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ጥያቄው እንዲህ ነበር፤ 1፣ 2፣ 3 እያሉ የሚሄዱት ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውም፤ 2፣ 4፣ 6 እያሉ የሚሄዱት ተጋማሽ ቁጥሮችም ማለቂያ የላቸውም፤ ታዲያ ሁለቱ ስብስቦች እኩል ናቸው ወይስ ሁለተኛው የፊተኛው ግማሽ ነው? መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ግን አስተማሪ ተብሎ ለቆመ ሰው ከባድ ሆነብኝና እንዲህ ያለው ነገር ፈተና ላይ አይወጣም ብዬ አስቀመጥሁት። ልጁ ዝም አለ። ክረምቱ እስኪያልቅ ድረስም እጁን ዳግመኛ አላነሣም።

ወደ ግቢ ከተመለስሁ በኋላ ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝና ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አገላበጥሁ። የዚያን ልጅ ጥያቄ ከ150 ዓመት ገደማ በፊት ከልቡ ይዞ የተነሣ ሰው ነበረ፤ እሱንም ዝም ሊያሰኙት የሞከሩ ነበሩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ የዚህን ሰው ሕይወት ነው። ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጌኦርግ ካንቶር (ስሙ የእኛው ጊዮርጊስ ነው) ማርች 3 ቀን 1845 በሩሲያ፣ በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ከስድስት ልጆች የመጀመሪያው ነበር። አባቱ በኮፐንሃገን የተወለደ ነጋዴ ነው፤ እናቱ ከሙዚቀኞች ቤተሰብ የወጣች ስለሆነች ልጁም ቫዮሊን ደህና አድርጎ ይመታ ነበር። አባትየው ታሞ የሩሲያ ብርድ ስላልተስማማው በ1856 ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ጀርመን አገር ተሻገረ። አባቱ ልጁ መሐንዲስ እንዲሆንለት አጥብቆ ይመኝ ነበር። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ከመካከላችን ስንቱ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሁን ተብሎ ተመርቆ መጥቶ አርት ፋኩልቲ እንደገባ እናውቀዋለንና። ካንቶር ግን አባቱን ለምኖ አስፈቀደና በ1862 ዙሪክ ገብቶ ትምህርቱን ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት አባቱ ሲሞት ወደ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በዚያ ካስተማሩት ታላላቅ ሊቃውንት መካከል ቫየርሽትራስ፣ ኩመርና ክሮኔከር ይገኙበታል። የመጨረሻውን ስም ያዙልኝ።

በ1867 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ፤ ለጥቂት ጊዜ በበርሊን በአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ካስተማረ በኋላ በ1869 ሐለ በምትባል ከተማ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ሐለ እንደ በርሊን ስመ ጥር አልነበረም፤ ደመወዙም አነስተኛ ነበር። ካንቶር ወደ በርሊን እጠራለሁ እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ ሳይጠራ በሐለ አረጀ። በ1874 ፋሊ ጉትማን የምትባል ሴት አግብቶ ስድስት ልጆች ወለዱ።

የሰውየው ዐሳብ ከምን ተነሣ? ይህን ለመረዳት ቦንጋ ያለ ቡና የሚፈላበት ቤት መግባት ይበቃል። እናት ቡና ስታቀርብ እንግዳውን አትቈጥርም፤ ሲኒውንም አትቈጥርም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ሲኒ ታድላለች። ሲኒ ሳይተርፍ፣ ሰውም ባዶ እጁን ሳይቀር ካለቀ እንግዳውና ሲኒው እኩል ናቸው። ስንት መሆናቸውን ማወቅ አላስፈለጋትም፤ እንዲያውም እስከ ሦስት እንኳ መቍጠር የማትችል ብትሆን ኖሮ እኩል መሆናቸውን ማወቋ አይቀርም። ካንቶር ያደረገው ይህንኑ ማዛመድ ማለቂያ ወደሌላቸው ነገሮች መውሰድ ነው። ለ1 2ን እንስጠው፣ ለ2 4ን፣ ለ3 6ን፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር እጥፉን ስንሰጠው የሚተርፍ ሲኒ የለም፣ የሚቀር እንግዳም የለም። ስለዚህ ተጋማሽ ቁጥሮች ከቁጥሮች ሁሉ ጋር እኩል ናቸው። ግማሽ የመሰለው ነገር ከሙሉው ጋር እኩል ሆነ! ጋሊሌዮም በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ አስተውሎ ነበር፤ ነገር ግን ማለቂያ ስለሌለው ነገር እኩል፣ ይበልጣል፣ ያንሳል ማለት አይገባም ብሎ ትቶት አለፈ። ካንቶር አልፎ አልሄደም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማለቂያ የሌለው ሁሉ እኩል ነው ብለን እንገላገል ነበር። በ1874 ባሳተመው ጽሑፍ ግን ካንቶር በአንድ መስመር ላይ ያሉት ነጥቦች ከ1፣ 2፣ 3 ጋር አንድ ለአንድ ሊዛመዱ እንደማይችሉ አስረዳ። በ1891 ደግሞ እኔ እንኳ የሚገባኝ ሌላ ማስረጃ ሰጠ፤ እንዲህ ነው። አንድ መዝጋቢ በ0 እና በ1 መካከል ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ በተራ ቁጥር መዝግቤ ጨርሻለሁ ቢለን እንውሰድ። መዝገቡ ላይ 1ኛው 0.3571… ይሁን፣ 2ኛው 0.5028…፣ 3ኛው 0.1414…፣ እያለም ያለ ማቋረጥ ይቀጥል። ከ1ኛው የመጀመሪያውን አኃዝ 3ን፣ ከ2ኛው ሁለተኛውን 0ን፣ ከ3ኛው ሦስተኛውን 1ን እንነቅስና እያንዳንዱን እንለውጠው፤ 3 የነበረው 4፣ 0 የነበረው 1፣ 1 የነበረው 2 ይሁን። 0.412… የሚል ቁጥር ይወጣናል። ይህ ቁጥር ከ1ኛው በመጀመሪያው አኃዝ ይለያል፣ ከ2ኛው በሁለተኛው፣ ከ3ኛው በሦስተኛው፤ እስከ ወዲያኛው ድረስ ከሁሉም ይለያል። እንግዲያው መዝገቡ ውስጥ የለም። መዝጋቢው ቢጨምረው እንኳ በዚያው መንገድ ሌላ ያልተመዘገበ እናመጣበታለን። ማለቂያ የሌለው ነገርም ታናሽና ታላቅ አለው ማለት ነው።

በ1877 ደግሞ በአንድ ሜዳ ላይ ያሉት ነጥቦች ሁሉ በሜዳው ጠርዝ ላይ ካሉት ጋር እኩል መሆናቸውን አገኘ፤ ለወዳጁ ለዴደኪንት በጻፈው ደብዳቤ ማረጋገጫውን በዓይኑ እያየ ማመን እንዳቃተው ነገረው። ጽሑፉን ለበርሊኑ መጽሔት ቢልከው መታተሙ ዘገየ። ካንቶር ያዘገየብኝ የቀድሞ መምህሬ ክሮኔከር ነው ብሎ ጠረጠረ።

ስለ ክሮኔከር ስንናገር ፍርድ እንዳናጓድል እንጠንቀቅ። ሰውየው ክፉ ወይም ሰነፍ አልነበረም፤ ታላቅ የሒሳብ ሊቅ ነበር። ሒሳብ ሁሉ ከሙሉ ቁጥሮች ተነሥቶ፣ መጨረሻ ባለው እርምጃ መሠራት አለበት የሚል እምነት ነበረው፤ ይህ እምነት ዛሬም ተከታዮች አሉት። ጥፋቱ ያልተስማማበትን ዐሳብ ከመሞገት ይልቅ በሩን መዝጋቱ ነው። ካንቶርን ወጣቶችን የሚያበላሽ ይለው እንደ ነበር ይነገራል። ከጠላት ይልቅ የወዳጅ ቃልም ይጐዳል፤ በ1885 የስዊድኑ ሊቅ ሚታግ ሌፍለር፣ እስከዚያ ድረስ ጽሑፎቹን በመጽሔቱ ሲያትምለት የቆየው ሰው፣ አንዱን ጽሑፍ መቶ ዓመት ቀድሞ የመጣ ነው ሲል እንዲያነሣው መከረው። ካንቶር አነሣው፤ ቅሬታው ግን ከልቡ አልወጣም።

ከዚያ በፊት በ1884 ጸደይ አእምሮው ለመጀመሪያ ጊዜ ታውኮ ነበር። ብዙ ጸሐፊዎች በሽታውን ሁሉ በክሮኔከር ላይ ያሳብባሉ፤ እኔ ግን የሰው አእምሮ እንዲህ በአንድ ምክንያት ብቻ ይታመማል ብዬ ለመናገር አልደፍርም። ሲሻለው ለጊዜው ሒሳቡን ተወት አድርጎ የሼክስፒርን ድርሰቶች የጻፈው ፍራንሲስ ቤከን ነው የሚለውን ክርክር ያዘ፤ ስለዚህም ገንዘቡን አውጥቶ ጽሑፍ እስከ ማሳተም ደረሰ። ማለቂያ የሌለውን የመዘነ ሰው በእኛ ፋኩልቲ በኩል ሲመጣ እንዲህ መሳቱ እኔን ትንሽ አጽናንቶኛል፤ እኔም ወደ እሱ ፋኩልቲ ሄጄ ያደረግሁትን አይታችኋልና።

ለማኅበራችን አባላት ግን ከሁሉ የምወድላቸው ሥራው ሌላ ነው። የአንድ ወጣት ዐሳብ በአንድ ሽማግሌ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በማሰብ፣ የጀርመን የሒሳብ ሊቃውንት ማኅበር እንዲቋቋም ከደከሙት ዋነኛው ካንቶር ነበር። ማኅበሩ በ1890 ተመሠረተ፤ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱም እሱ ሆነ። በ1891 በሐለ ለተደረገው ጉባኤ ንግግር እንዲያደርግ የጋበዘው ማንን ነው? ክሮኔከርን። ክሮኔከር ግን ሚስቱ ተራራ ስትወጣ ወድቃ ተጐድታ በዚያው ስለ ሞተች ሳይመጣ ቀረ፤ እሱም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ዐረፈ።

በ1895 እና በ1897 ካንቶር ዐሳቡን ሰብስቦ በሁለት ክፍል አሳተመ። ለታናሹ ማለቂያ የሌለው ብዛት መጠሪያ ያደረገው የዕብራይስጡን የመጀመሪያ ፊደል፣ አሌፍን ነው። ይህ ፊደል የእኛው የአ ወንድም ነው፤ ግእዝ የተማረ ሰው የአ ስሟ አልፍ እንደሆነ ያውቃል። ሽማግሌዎቻችን ተቈጥሮ የማያልቀውን ነገር እልፍ አእላፋት ሲሉ ከዚያ ቤት ብዙም አልራቁም ብዬ እደሰታለሁ። በ1897 ዙሪክ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ጉባኤ ሁርቪትስና አዳማር ስለ ስብስብ ጥናት ጠቃሚነት በአደባባይ ተናገሩለት። በዚያው በ1897 የካፋው የመጨረሻ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ተይዘው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ሁለቱን ነገር የሚያገናኘው አንዳችም የለም፤ የቦንጋ ልጅ ስለሆንሁ ብቻ ዓመቱን ሳነብ ዓይኔ ሁለቱም ላይ ዐረፈ።

አሁን ስለ ምልክቶቹ አንድ ነገር ልበል፤ ልጆቹን ያስጨነቅሁት በእነሱ ነውና። አባላቱን በቅንፍ ማጠር ካንቶርም በ1895 ተጠቅሞበታል። አባል ነው የሚለውን ምልክት በ1889 ከግሪክ ፊደል የወሰደው ጣሊያናዊው ፔአኖ ነው፤ ሁለት ስብስቦችን የሚያጠቃልለውና የጋራቸውን የሚለየው፣ አንዱ እንደ ጽዋ የተከፈተ ሌላው እንደ ጽዋ የተደፋ የሚመስሉት ምልክቶችም በ1888 ከእሱ የመጡ ናቸው። ተቈራርጠው የሚሳሉት ክቦች በ1880 ያስተዋወቃቸው እንግሊዛዊው ቬን ነው። ያቺ ልጆቹን ያሳቀቻቸው የባዶ ስብስብ ምልክት ደግሞ ፈረንሳዊው አንድሬ ቬይ ከኖርዌይ ፊደል ወስዶ በ1939 ያገባት ናት፤ ያን ጊዜ ካንቶር ከሞተ 21 ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ እኔ በመጀመሪያው ቀን በሰሌዳው ላይ ከደረደርኋቸው ምልክቶች አብዛኞቹን የዐሳቡ አባት ራሱ አላወጣቸውም።

ወደ እኛ አገር ትምህርት ቤቶችስ እንዴት ደረሱ? ሶቪየት ኅብረት በ1957 ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ በአሜሪካ የሒሳብ ትምህርት ይታደስ የሚለው ጥሪ በረታ፤ ስብስብም የአዲሱ ሒሳብ መግቢያ በር ሆነ። ከ1962 ጀምሮ በኡጋንዳ፣ በኢንቴቤ ከተማ የአፍሪካ አገሮች መምህራን ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ባልደረቦቻቸው ጋር እየተሰበሰቡ መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጁ፤ ኢትዮጵያም ከተካፈሉት አንዷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ ስንት ጊዜ ተለዋወጠ፤ ስብስብ ግን ከቦታው አልተነሣም። ምልክቶቹ ደርሰውናል። የሲኒው ነገር ግን መንገድ ላይ የቀረ ይመስለኛል።

የካንቶር መጨረሻ አሳዛኝ ነው። በዲሴምበር 1899 ስለ ቤከንና ሼክስፒር ንግግር ለማድረግ ላይፕሲግ ሄዶ ሳለ ትንሹ ልጁ ሩዶልፍ በድንገት ሞተ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ እየተመላለሰ በ1913 ሥራውን ተወ። በ1915 70ኛ ዓመቱን ለማክበር ከየአገሩ ሊቃውንት ሊሰበሰቡ ታስቦ ነበር፤ ጦርነቱ ከለከለ። በጁን 1917 እንደገና ሐለ ወዳለው የአእምሮ ሕሙማን ቤት ገባ፤ ምግብ በጠፋበት በዚያ ክረምት ወደ ቤት እንድትወስደው ለሚስቱ እየጻፈ ይለምናት ነበር። ጃንዋሪ 6 ቀን 1918፣ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1910 ዓ.ም. በገና ዋዜማ፣ በዚያው ቤት ሞተ። በቁጥሮች ሁሉ ብዛትና በመስመር ነጥቦች ብዛት መካከል ሌላ ብዛት አለ ወይ የሚለውን ጥያቄውን ሳይፈታ ነው የሄደው። ሂልበርት በ1900 ለአዲሱ ክፍለ ዘመን ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንደኛ ያደረገው ይህንን ነው፤ ጐደል በ1940፣ ኮኸንም በ1963 ከተለመዱት የስብስብ ሕጎች ተነሥቶ አለ ብሎም የለም ብሎም ማስረዳት እንደማይቻል አሳዩ።

በመጪው ክረምት ወደ ቦንጋ እመለሳለሁ። ያ ልጅ አሁን ዘጠነኛን እየጨረሰ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ አልነካም፤ ሲኒ ይዤ እገባለሁ። መልሱንም ልጁን ፈልጌ እነግረዋለሁ፤ ካልሰለቸው። የመዝገቡን ማስረጃ ባስረዳሁበት ላይ ስሕተት ያገኘ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድም ወይም እኅት ካለ ከሐምሌ በፊት ቢያርመኝ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።