ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ፥ የልዑል ራስ ካሣ አያት

ከሸዋ ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ልጆች ሁሉ ስማቸው ከአርሲ ምድርና ከጭላሎ ተራራ ጋራ ተያይዞ የቀረው ራስ ዳርጌ ናቸው። በዚህ አገር ይህ ስም ሲነሣ አንዱ ይባርካል ፥ ሌላው ያዝናል። ታቦት ከሠራዊቱ ጋራ የመጣለት ሰው የሚያስበው ሌላ ነው ፤ ከብቱና ርስቱ የተወሰደበት ሰው ልጅ የሚያስበው ሌላ ነው። ስለዚህ ታሪካቸው ሲጻፍ ሁለቱም ሳይሸሸግ ሊነገር ይገባዋል።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1805 ዓመተ ምሕረት ነግሠው በ1840 ዓመተ ምሕረት ሲያርፉ አልጋው ለልጃቸው ለኃይለ መለኮት ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሊይዙ በዘመቱ ጊዜ ኃይለ መለኮት ታመው በ1848 ዓመተ ምሕረት ዐረፉ። የሸዋ መኳንንት በረከት በሚባለው ስፍራ ገጥመው ድል ሆኑ። የዐሥራ አንድ ዓመት ብላቴና የነበሩት ምኒልክ ከአጎታቸው ከዳርጌ ጋራ ተማርከው ወደ ቴዎድሮስ አገር ወረዱ።

ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓመተ ምሕረት ከመቅደላ አምልጠው ወደ አባታቸው አገር ሲመለሱ ዳርጌ በዚያው ቀሩ። የወንድም ልጅ አምልጦ በነገሠ ጊዜ በአምባው ላይ የቀረ አጎት ሌሊቱን እንዴት አድርጎ እንደሚያነጋው የታሰረ ያውቀዋል። የእንግሊዝ ጦር መጥቶ እሮጌ በሚባለው ሜዳ የተዋጋው በ1860 ዓመተ ምሕረት በስቅለት ዕለት ነበር ፤ መቅደላ የወደቀችውና ቴዎድሮስ የሞቱት በፋሲካ ማግሥት ሰኞ ነው። እስረኞቹም በትንሣኤው ሳምንት ተፈቱ። ነገሩን ባለቅኔ ቢያገኘው ሰሙን መቅደላ ፥ ወርቁን ሲኦል አድርጎ በዘረፈው ነበር።

ዳርጌ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ሸዋ ሲገቡ አልጋው ላይ የተቀመጠው ያ ብላቴና ነበር። እርሳቸው የንጉሥ ልጅ ናቸው ፤ በዕድሜም አባት ይሆኑታል። በዚያ ዘመን ሸዋ ውስጥ ከሣህለ ሥላሴ ዘር የተወለደ ሁሉ አልጋውን ማየቱ የተለመደ ነበርና የወንድማቸው የሰይፉ ልጅ መሸሻ በምኒልክ ላይ እስከ መሸፈት ደርሶ ነበር። ዳርጌ ግን በወንድማቸው ልጅ ፊት ሸማቸውን አደግድገው ቆሙ ፤ እስከ ሞታቸውም ከዚያ ቃል አልተናወጡም። በሕይወታቸው ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ጦር ማሸነፍ ብዙ ሰው ያደርገዋል ፤ የሚገባውን ማዕርግ ለታናሹ ትቶ ያለ ቂም ማገልገል ግን ከጥቂቶች በቀር አልተቻለም።

ምኒልክም አጎታቸውን ራስ ብለው ሰላሌን ሰጧቸው። ሰላሌ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ደብረ ሊባኖስ ያለበት አገር ነው ፤ የሰላሌ ገዥ የገዳሙም ጎረቤት ነው። ራስ ዳርጌ በዚያ በምክርና በሃይማኖት የተከበሩ ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡ።

ከ1874 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ደግሞ የአርሲ ዘመቻ ሆነ። አርሲ በዚያን ጊዜ ንጉሥ አልነበረውም ፤ በገዳ ሥርዐትና በሽማግሎች ሸንጎ የሚተዳደር ፥ ብዙ ከብት ያለው ፥ በፈረስ ግልቢያና በጦር ውርወራ የሠለጠነ ሕዝብ ነበር። የሸዋ ሠራዊት ጠመንጃ ይዞ ቢሄድም አገሩ በአንድ ዘመቻ አልተያዘም። በየዓመቱ እየተሄደ እየተመለሰ ወደ አምስት ዓመት ፈጀ ፤ ምኒልክ ራሳቸው የዘመቱበት ጊዜም ነበር። ከአርሲ የጦር አለቆች መካከል ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ሌንጅሶ ዲጋ ናቸው። በመጨረሻ በጳጉሜን 1878 ዓመተ ምሕረት አዙሌ በሚባለው ስፍራ የራስ ዳርጌ ጦርና የአርሲ ጦር ገጥመው እጅግ ብዙ ሰው አለቀ ፤ የአርሲም ኃይል በዚያ ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ አኖሌ በሚባለው ቦታ ሕዝቡ ለዕርቅ ተጠርቶ ሲሰበሰብ የወንዶች እጅ የሴቶችም ጡት እንደ ተቆረጠ የአርሲ ሽማግሎች ለልጅ ልጅ ሲያወርዱ ኖረዋል። ይህን ነገር የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በ2006 ዓመተ ምሕረት ግን ከአሰላ በማይርቀው በሄጦሳ ወረዳ ለዚህ መታሰቢያ የሚሆን ሐውልት ቆሞ ተመርቋል። ክርክሩ በማናቸውም መንገድ ቢፈታ በአዙሌ የፈሰሰው ደም የማይካድ ነው ፤ ያዘኑትም ጎረቤቶቻችን ናቸው።

ሠራዊቱ በአገሩ ሲሰፍር መሬቱ ተከፈለ። ለአገሬው ባላባት ሲሶ እየተተወ የቀረው ለመንግሥት ፥ ለወታደር ፥ ለቤተ ክርስቲያንም ሆነ ፤ የቀድሞው ባለርስት በገዛ መሬቱ ገባር ሆነ። በደጋው ቀድመው የተተከሉት አብያተ ክርስቲያናት ካህናታቸውን ያኖሩት በዚህ የሰሞን መሬት ነበር። ይህ ሁሉ በየካቲት 1967 ዓመተ ምሕረት በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቀርቶ ፥ ከዚያ ወዲህ ካህኑ የሚኖረው ምእመናን በሚያወጡት አሥራትና አስተዋፅኦ ነው። አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል ፤ እስልምና በአርሲ ከዘመቻው አስቀድሞ የነበረ ቢሆንም የበለጠ የተስፋፋው ከዘመቻው በኋላ እንደ ሆነ ብዙ የታሪክ ሊቃውንት ጽፈዋል። መስቀሉ ከጠመንጃው ጋራ በአንድ ቀን ስለ መጣ ሕዝቡ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማየት አልቻለም።

ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ ቢመኝ እጁ ብዙ ደም ስላፈሰሰ ሥራው ለልጁ ለሰሎሞን መተላለፉን መጽሐፈ ዜና መዋዕል ይናገራል። ራስ ዳርጌን በዚህ ምሳሌ የሚያስባቸው ሰው ብዙ አይሳሳትም። ነገር ግን ከዚህ አልፎ ማመሳሰል ይከብዳል ፤ ለዳዊት ናታን ተልኮለት ነበር ፥ ለዳርጌ ግን በአርሲ ስላደረጉት የሚወቅስ ነቢይ መነሣቱን የሚናገር ታሪክ የለም።

ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓመተ ምሕረት ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ዋና ከተማቸውንና ሸዋን የተዉት ለራስ ዳርጌ ነው። አልጋውን ያልተመኘ ሰው አልጋውን ሊጠብቅ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ድል አድርገው ሲመለሱ እንደ ተዉት ሆኖ ጠበቃቸው። ከዚህም በኋላ ራስ ዳርጌ አራት ዓመት ያህል ቆይተው በ1892 ዓመተ ምሕረት በመጋቢት ወር ፥ በዐቢይ ጾም ውስጥ ዐረፉ።

ልጃቸው ወይዘሮ ትሰሜ ከላስታው ባላባት ከደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስ በ1873 ዓመተ ምሕረት የወለዷቸው ካሣ አያታቸው ሲያርፉ የዐሥራ ስምንት ዓመት ጕልማሳ ነበሩ። ሰላሌም በኋላ ለርሳቸው ሆነ። ከአያታቸው የወረሱት ግን አገሩን ብቻ አይደለም። በአባታቸው ከላስታ ነገሥታት ዘር ፥ በእናታቸው ከሣህለ ሥላሴ ወገን ነበሩና ለአልጋው ከተፈሪ መኰንን የሚያንስ የትውልድ መብት አልነበራቸውም። ሆኖም እንደ አያታቸው ሸማቸውን አደግድገው ቆሙ። ልጅ ኢያሱ ተይዘው በተሰጧቸው ጊዜም ፍቼ ላይ ለብዙ ዓመት ጠበቋቸው።

የልዑል ራስ ካሣ ሃይማኖት በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ጾምን ከመነኮሳት ባላነሰ ጥንቃቄ የሚጠብቁ ፥ መጻሕፍትን የመረመሩ ፥ ከሊቃውንት ጋራ ቁጭ ብለው በትርጓሜ የሚነጋገሩ መስፍን ነበሩ። እንደ እርሳቸው ያለ መኰንን ቤተ ክህነት ብዙ አላገኘችም።

መከራቸውም እንደ ሃይማኖታቸው ከፍ ያለ ሆነ። በ1928 ዓመተ ምሕረት በተንቤንና በማይጨው ከተዋጉ በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ተሰደው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። በ1929 ዓመተ ምሕረት ልጃቸው ወንድወሰን በጠላት እጅ ተገደሉ ፤ በታኅሣሥ ወር ደግሞ አበራና አስፋወሰን በምሕረት ተስፋ እጃቸውን ሰጥተው ሳለ ፍቼ ላይ አንገታቸው ተቆረጠ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጅምላ ታረዱ። ከገዳሙ አጠገብ ያደገው ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹንም መነኮሳቱንም አጣ። አባትየው በስደት አገር ሆነው ለሦስት ልጆች ፍትሐት ከማድረግ በቀር ሊያደርጉ የሚችሉት አልነበረም።

በጥር 1933 ዓመተ ምሕረት ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ወደ ኢትዮጵያ ምድር ሲገቡ ራስ ካሣ አብረዋቸው ነበሩ። ከነጻነት በኋላም ከዘውዱ መካሪዎች መካከል ቀዳሚ ሆነው ኖሩ። ከልጆቻቸው የተረፈላቸው አሥራተ ነበሩ። በኅዳር 1949 ዓመተ ምሕረት ፥ ጾመ ነቢያት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ፥ በሰባ ስድስተኛው ዓመታቸው ዐረፉ።